የመፍቻ ሳጥን ስንገዛ ምን እንመልከት?

«ጋራዥ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ለአብዛኞቻችን የሚታየን ትልቅ ግቢ፣ በተቃጠለ ዘይት የጠቆረ መሬትና ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ነው። በውጭ አገር ፊልም የምናየው ጋራዥ ደግሞ ከመኖሪያ ቤት ጋር የተያያዘ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ግድግዳው ላይ መሣሪያ በረድፍ የተሰቀለበት ክፍል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሦስተኛ ዓይነት ጋራዥ አለ። ይኸውም በመኖሪያ ግቢ ውስጥ አጥር ተደግፎ በቆርቆሮ የተከደነ፣ በአዘቦት ቀን ልብስ የሚሰጣበት፣ እሁድ እሁድ መኪና የሚጠገንበት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ሦስተኛውን ነው።

በዘገባ አጻጻፍ ትምህርታችን እያንዳንዳችን አንድ ዕቃ መርጠን፣ ገበያ ወጥተን፣ ዕቃው ለሚከፈልበት ገንዘብ ይመጥናል ወይ የሚለውን እንድናጣራ ታዝዘን ነበር። ጓደኞቼ ሞባይል፣ ጫማ፣ የፀጉር ቅባት ሲመርጡ እኔ የመፍቻ ሳጥን መረጥኩ። ሴት ልጅንና መፍቻን ምን አገናኛቸው ለሚል አንባቢ መልሱ «ወንድም ጋሼ» ነው። ታላቅ ወንድሜ ዘጠኝ ዓመት በሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ሠርቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያጠራቀማቸውን መሣሪያዎች የሚያኖረው በዱቄት ማዳበሪያ ውስጥ ነበር። አሁን ደሞዙን ትቶ ግቢያችን ውስጥ ለራሱ ሊሠራ ወስኗል። እናታችንም ዕቁብ ሲደርሳት ከፊሉን ለእሱ ሰጠችው። በዚያ ገንዘብ ክሪክ፣ የጎደሉ መፍቻዎችና ሳጥን መገዛት አለባቸው። ሳጥኑ ገንዘቡን ከበላው መፍቻ አይገዛም፤ ሳጥኑ እንደነገሩ ከሆነ ደግሞ መፍቻው ይዘገጋል፣ ይጠፋል። «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? አጣሪልኝ እስቲ» አለኝ። እንግዲህ ነገሩ የክፍል ሥራ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከገበያ በፊት ሚዛንና ሜትር

ሳጥን ሊገዛ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚገባ ነው። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ መልኩ ያማረውን ያነሣና ቤቱ ሲደርስ ረጅሙ መሣሪያ አልገባ ይለዋል። እኛ ሸራ አንጥፈን ማዳበሪያውን ገለበጥነው። ረጅሙ ዕቃ የግማሽ ኢንች ቡሶላ የሚገባበት የብሎን ማላሊያ ዘንግ ሲሆን 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ከ60 በታች የሆነ ሳጥን ሁሉ ከዝርዝሩ ወጣ። ቀጥሎ ሁሉንም መዘንነው፤ 31 ኪሎ መጣ።

ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይወስናል። ሳጥኑ ራሱ 10 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላው 41 ኪሎ ነው። አንድ ሰው ይህን በየቀኑ አንሥቶ የሚያስቀምጥ ከሆነ ወገቡ ሌላ ሐኪም ሊፈልግ ነው። ወንድም ጋሼ ደግሞ አንዳንዴ መንገድ ላይ ለቆመ መኪና ይጠራል። ከዚህ የተነሣ የደረስንበት የመጀመሪያ ሐሳብ አንድ ትልቅ ሳጥን ከመግዛት ሁለት ማድረግ ይሻላል የሚል ነው፤ አንዱ ከባድና ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ሌላው ትንሽና በእጅ የሚያዝ።

በትንሹ ውስጥ ምን ይግባ? እዚህ ላይ መኪናው ራሱ ይነግረናል። በከተማችን በብዛት የሚታዩት ቶዮታዎች ናቸው። በጃፓን መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኙት የብሎን ራሶች 10፣ 12፣ 14 እና 17 ናቸው። የአውሮፓ መኪና ከሆነ 13 ቁጥር ይጨመራል። የኮሮላ የጎማ ዳዶ 21 ነው። እነዚህ፣ አንድ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴና አንድ መዶሻ ካሉ መንገድ ላይ ለቆመ መኪና አብዛኛው ሥራ ይጀመራል። መንገድ ላይ የማያስፈልገው ሁሉ ቤት ይቅር።

ማዳበሪያው ሲገለበጥ ሌላ ነገርም ታየ። የ10 ቁጥር መፍቻ አልነበረም። ወንድም ጋሼ ስቆ «እሱማ የት ይገኛል፤ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እገዛዋለሁ» አለ። በየጋራዡ ብትጠይቁ ይህንኑ ነው የሚሏችሁ። መፍቻዋ ትንሽ ናት፣ ሁሉም ይዋሳታል፣ ሞተር ውስጥ ገብታ ትቀራለች። እንግዲህ የሳጥን ዋጋ ሲሰላ ይህም መቆጠር አለበት። መሣሪያ የጎደለ ጊዜ ወዲያው የሚያሳይ ሳጥን በዓመት የሦስት መፍቻ ዋጋ ያተርፋል። ይህን ለማድረግ ውድ ሳጥን አያስፈልግም። ወፍራም ስፖንጅ በየመፍቻው ቅርጽ ተቆርጦ ሳጥኑ ውስጥ ይነጠፋል፤ ማታ ሲዘጋ ባዶ የቀረው ጎድጓዳ ምን እንደጠፋ ይናገራል። መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ማለት ነው!

ላሜራው ስንት ነው?

አሁን ወደ ገበያ እንውጣ። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ መናኸሪያ እንደመሆኑ ከውጭ የገቡትን ሳጥኖች እዚያና አካባቢው አየሁ። የፕላስቲክ አሉ፤ እነዚህ አይዝጉም፣ ቀላል ናቸው፣ ነገር ግን ማጠፊያቸውና መቆለፊያቸው ቶሎ ይሰበራል። ለትንንሽ ብሎንና ለመንገድ ሥራ ግን ይሆናሉ። ክዳናቸው ግራና ቀኝ ሲከፈት ደረጃ ደረጃ ሆነው የሚዘረጉ የብረት ሳጥኖችም አሉ። በመጨረሻም ጎማ ያላቸው፣ ስድስት ሰባት መሳቢያ ያላቸው፣ ቀይ ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ ቁም ሳጥን መሰል ነገሮች አሉ። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ሳይ እኔም ልቤ ሸፈተ።

ለመሆኑ የብረት ሳጥን ጥንካሬ በምን ይታወቃል? በቀለሙ አይታወቅም። የሚታወቀው በላሜራው ውፍረትና በጠርዙ አሠራር ነው። ሻጭን «ስንት ነው ውፍረቱ?» ብትሉት «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል፤ ይህ መልስ አይደለም። በአንዳንድ ዕቃ ማሸጊያ ላይ ደግሞ «ጌጅ» የሚባል ቁጥር ይጻፋል። ይህ ቁጥር ሰውን ያሳስታል፤ ሲጨምር ላሜራው ይሳሳል እንጂ አይወፍርም። ለብረት 18 ጌጅ ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ 20 ጌጅ ወደ 0.9፣ 24 ጌጅ ደግሞ ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ «24 ከ18 ይበልጣል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ በፈገግታ እለፉት።

ቁጥሩ ካልተጻፈስ? እዚህ ላይ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ይበቃል። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። እኛ የፈለግነው ሳጥን ርዝመቱ 70፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ስድስቱ ገጾች ሲደመሩ 1.33 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ይህ ሳጥን ከ0.6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠራ 6.3 ኪሎ ያህል፣ ከ0.8 ቢሠራ 8.4 ኪሎ ያህል፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ቢሠራ 10.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እጀታውና ማጠፊያው ጥቂት ይጨምራሉ። ስለዚህ ባዶውን ሳጥን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ሻጩ የማይነግረንን ይነግረናል። ውስጡ ተደራራቢ መደርደሪያ ላለው ሳጥን ስሌቱ ይወሳሰባል፤ ያኔ መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ሳጥን መዝኖ ማወዳደር ነው።

እኔ ሚዛን ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም፤ በየተራው ብረት በኪሎ የሚገዛ ሰው አለና። አንዱ ሻጭ «ሳጥን በኪሎ የሚገዛ ሰው ዛሬ አየሁ» ብሎ ጎረቤቱን ጠርቶ አሳየኝ። ይሳቁ። ሁለት በመልክ መንታ የሚመስሉ ሳጥኖች በሚዛን ሲታዩ አንዱ ከሌላው በሦስተኛ እጅ ቀልሎ ተገኝቷል፤ የተጠየቀባቸው ዋጋ ግን ያው ነበር።

ከሚዛን ቀጥሎ ጠርዙን መዳሰስ ያስፈልጋል። ጥሩ ሳጥን የላሜራው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ድርብ ሆኗል። ይህ እጅ እንዳይቆርጥ ብቻ ሳይሆን ሳጥኑ እንዳይጣመምም ያደርጋል። ክዳኑን ከፍቶ አንዱን ማዕዘን በእጅ ጫን ማድረግ ነው፤ ተጣሞ ክዳኑ አልገጥም ካለ 31 ኪሎ ሲገባበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ጎማና መሳቢያ

ወደ ቀዩ ቁም ሳጥን ልመለስ። ባለ መሳቢያው ሳጥን ምቾቱ አያጠያይቅም። ዕቃ ላይ ዕቃ አይደራረብም፣ ጎንበስ ማለትም የለም። ነገር ግን ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መሳቢያው የሚንሸራተትበት ሐዲድ በኳስ ኩሽኔታ የሚሄድ ከሆነ በክብደትም ጊዜ ይንሸራተታል፤ ላሜራ በላሜራ ላይ የሚፋቅ ከሆነ ግን በጥቂት ወራት ይነክሳል። መሳቢያው ሙሉ በሙሉ ይወጣል ወይስ ሩቡ ውስጥ ይቀራል? የቀረው ሩብ ውስጥ ያለን ዕቃ በጣት መፈለግ ነው። ሁለትና ሦስት የተጫኑ መሳቢያዎች ባንድ ጊዜ ሲከፈቱ ክብደቱ ወደፊት ሄዶ ሳጥኑ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህንን የሚከላከል፣ አንዱ ሲከፈት ሌላውን የሚቆልፍ ዓይነት አለ። ልጆች ባሉበት ግቢ ይህ ቀልድ አይደለም።

ዋናው ጥያቄ ግን ጎማው ነው። ይህ ሳጥን የተፈለሰፈው ለለሰለሰ የሲሚንቶ ወለል ነው። የእኛ ግቢ ግማሹ ድንጋይ ንጣፍ፣ ግማሹ አፈር ነው። ትንሿ ጎማ በሁለት ድንጋዮች መካከል ትገባና 60 ኪሎ ሳጥን እዚያው ይቆማል። ገንዘብ የተከፈለበት መንቀሳቀሱ ነበር፤ የማይንቀሳቀስ ከሆነ የተገዛው ምንድን ነው? ወንድም ጋሼ ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ ለካ እሱም ልቡ ቀዩ ላይ ነበር። የሲሚንቶ ወለል ላለው ሰው ግን ምክሬ ሌላ ነው፤ ጎማው ከጠንካራ ፕላስቲክ ይልቅ የጎማ ልባስ ያለው፣ ሁለቱ የሚዞሩ፣ ቢያንስ ሁለቱ ማቆሚያ ያላቸው ይሁኑ።

ምናለሽ ተራ

መርካቶን የማያውቅ አንባቢ ካለ ምናለሽ ተራ ማለት ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ብረት ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኝበት ቦታ ነው። የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እንደገባሁ አንዱ ወጣት «እህቴ፣ ምድጃ ነው? የቡና ጀበና ማስቀመጫ አለ!» አለኝ። የመፍቻ ሳጥን እፈልጋለሁ ስለው «ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ብረት የሚጠየቀው ሁልጊዜ ወንድ እንዲሆን የሚጠብቅ ሰው ሴት ስትጠይቅ መልሱን ይበልጥ ያብራራል። ለጋዜጠኛ ይህ ጥቅም ነው።

እዚያ ያገኘኋቸው በዕድሜ የገፉ ባለሙያ በትዕግሥት አስረዱኝ። ሳጥኑ የሚሠራው ከባለ 200 ሊትር በርሜል ነው። በርሜሉ ተሰንጥቆ ሲዘረጋ ርዝመቱ 1.8 ሜትር ያህል፣ ወርዱ 88 ሴንቲ ሜትር ያህል ላሜራ ይወጣዋል። ከዚህ ላይ የእኛ ሳጥን ታች፣ ክዳን፣ ፊትና ጀርባ ይቆረጣሉ። ሁለቱ ጎኖች ደግሞ ከበርሜሉ ክብ ታችና አናት ይወጣሉ። «ምንም አይጣልም፤ ፍርፋሪው ማጠፊያ ይሆናል» አሉኝ። ልብ ልንለው የሚገባን የበርሜል ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ መሆኑን ነው። ሱቅ ውስጥ አብረቅርቆ ከተሰቀለው ከብዙው ይወፍራል ማለት ነው! የሚመጣው ከወደቀ ዕቃ ስለሆነ ብቻ የምንንቀው ነገር በሚዛን ሲታይ እንዲህ ነው።

ይህ ማለት ግን ዓይን ጨፍኖ መግዛት አይደለም። በበርሜሉ ወገብ ዙሪያ የነበሩት ሁለት ጉብታ መስመሮች በመዶሻ ተመትተው የተስተካከሉ ናቸውና በዚያ መስመር ላይ ላሜራው ተሰንጥቆ እንደሆነ ብርሃን ላይ አንሥቶ ማየት ነው። ቀለሙ በዝገት ላይ የተቀባ ከሆነ በጥፍር ሲፋቅ ቅርፊት ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ ቀለም ሳይቀባ አይቶ፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ፣ ፀረ ዝገት ከተቀባ በኋላ ቀለም እንዲሆን ማዘዝ ይሻላል። በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘም መጠየቅ ያስፈልጋል። የዘይት ከሆነ ታጥቦ ይለቃል፤ የኬሚካል ከሆነ ግን በየቀኑ እጅ የሚገባበት ሳጥን ባይሆን ይመረጣል።

መቆለፊያው ላይ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ። ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበት ጆሮ በሁለት ሪቬት ብቻ ከተያዘ ጠንካራ ጓጉንቸር መግዛት ከንቱ ነው፤ ሌባ ጓጉንቸሩን ትቶ ጆሮውን በካቻቢቴ ይነቅለዋል። ጆሮው መበየድ አለበት። ማጠፊያውም ብሎኑ ከውጭ የሚፈታ መሆን የለበትም። ሳጥኑ ተሸክመው የሚሄዱበት ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ሁሉ ከንቱ ስለሆነ ከታቹ ቀዳዳ ተበጅቶ በሰንሰለት ከምሰሶ ጋር እንዲታሰር አደረግን።

በነገራችን ላይ፣ ለአንድ ሳምንት የጻፍኩትን ማስታወሻ ሳገላብጥ አንድ ነገር አስገረመኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ፍሬን፣ ጎማ... ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መርካቶ የሚለውም ስም ራሱ ገበያ ማለት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው አምስት ዓመት ብቻ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነበር። መኪናና ቃሉ ግን አብረው ቀሩ። ከመሣሪያዎቹ መካከል በአማርኛ ስማቸው የቀሩት መፍቻ፣ መዶሻና ጉጠት ናቸው። የቋንቋ ተማሪዎች ቢያጠኑት ጥሩ ርዕስ ይወጣዋል።

ስለ ዋጋ

አንባቢ እስካሁን ዋጋ በብር አለመጻፌን ታዝቦ ይሆናል። አውቄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ዛሬ ተጽፎ ነገ ያረጃል። የሚያገለግለው ንጽጽሩ ነው። እኔ በዞርኩበት ሳምንት ለአንድ ቀይ ባለ ጎማ ሳጥን በተጠየቅሁት ገንዘብ ምናለሽ ተራ አራት የበርሜል ሳጥን ይሠራል። ንጽጽሩን ሌሎችም በየጊዜው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ዋጋውን ለሳጥኑ ክብደት ማካፈል አንዱ መንገድ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የበለጠ የምወደው፣ «በዚህ ልዩነት ስንት መፍቻ ይገዛል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ዋጋ ስንጠይቅ ብዙዎቻችን እናፍራለን፤ አገላብጠን አይተን ሳንገዛ ስንወጣ ሻጩ ያመናጭቀናል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የዕቃውን ጥራት ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ በግልጽ አስፍሮ ነበር። አዋጁን ባላነብ ኖሮ ሚዛን ይዤ አስራ አንድ ሱቅ ለመግባት ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር።

ስለ ነገውም ጥቂት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ ግን አሉ፤ ጥገናም ይፈልጋሉ፤ ለወንድም ጋሼ እንጀራው ይኸው ነው። ኤሌክትሪኩን መኪና ለመንካት ግን እጀታቸው የተሸፈነና «1000 ቮልት» የሚል ምልክት ያለባቸው መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ፤ ሥልጠናውም እንደዚያው። እነዚህ ከዘይታም መፍቻ ጋር መደባለቅ የለባቸውም። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ክፍል ባዶውን ተከልሎ እንዲቀር አድርገናል። ለጊዜው የሻይ ብርጭቆ ነው የተቀመጠበት።

በመጨረሻ ያዘዝነው የበርሜሉን ሳጥን ነው፤ ማዕዘኖቹ በአንግል ብረት የተደገፉ፣ ውስጡ የሚነሣ አንድ መደርደሪያ ያለው። ለመንገድ ደግሞ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ጨመርን። ባዶውን ሳጥን ስንመዝነው ከአንግሉና ከመደርደሪያው ጋር 14 ኪሎ ሆነ። ከዕቁቡ ገንዘብ የተረፈው ክሪኩንና ሙሉ የግማሽ ኢንች ቡሶላ ገዛ። እናታችን ሳጥኑን አይታ «ይኼ እኮ በርሜል ነው» አለች፤ ቀጥላም ለእህል ማስቀመጫ የሚሆን አንድ እንዲያሠራላት አዘዘች።

ክረምት ሲገባ ሳጥኑ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ ከሥሩ አራት ብሎኬት ተደርጓል። እርጥብ መፍቻ ሳይጠረግ አይገባም፤ ውስጡ ዘይት የነካ ጨርቅ አለ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ መፍቻዎቹ በእሱ ይታሻሉ። ስፖንጁ ውኃ ስለሚይዝ ፀሐይ የወጣ ቀን ይሰጣል፤ ልብሱ ከሚሰጣበት ገመድ ላይ፣ ከእናቴ ነጠላ ራቅ ብሎ።